ሎርድ ሄዝልደንና የተደፈነው ምድጃ

ሎርድ ሄዝልደንን በቅርብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ነው። በዊትኮም ከተማ ጸሐፊ ሆኜ በኖርኩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ያነጋገረኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛውም የፈረሱን ልጓም እንድይዝለት ነበር። እኔን የመሰለ ሰው ስለ እሱ ልጻፍ ማለቱ ድፍረት ይሆን ይሆናል። ግን ሌሎቹ የጻፉለት ምስጋና ብቻ ስለሆነ ያየሁትን ልጨምር።

ሁለተኛ ልጅ ነበር። ርስቱ ለታላቅ ወንድሙ ስለሆነ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወታደር አደረጉት። ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጋ ጉልበቱን ተመታ። ፈሪ ነበር ሲባል አልሰማሁም፤ ይህን አልክድበትም። ወንድሙ ሳይወልድ ሲሞት ማዕረጉም፣ መሬቱም፣ እኛ የምንኖርባቸው ቤቶችም የእሱ ሆኑ። ከዚያ ለንደን ሄዶ የድሃ ጠበቃ ሆነ። በፓርላማ ቆሞ፣ «ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ ይምረጥ» አለ። ንግግሩንም አሳትሞ በየመጠጥ ቤቱ አስለጠፈ።

በእኛ ከተማ የሚመርጠው በገዛ ምድጃው ድስት የሚጥድ ሰው ነው። ድምፁንም በአደባባይ፣ በቃሉ ይሰጣል፤ ማን ለማን እንደሰጠ ሁሉም ይሰማል። ኮርቻ ሰፊው አምብሮዝ ታከር ባለፈው ምርጫ ዕጩ የነበረውን የሎርዱን የአጎት ልጅ ትቶ ለሌላ ሰው ሰጠ። በሳምንቱ የሎርዱ ወኪል ክሪድ ሁለት ግንበኞች ይዞ መጣና የአምብሮዝን ምድጃ በጡብ አስደፈነው። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ በጎረቤት ምድጃ እያበሰሉ ኖሩ።

አዲስ ምርጫ ሲደርስ አምብሮዝ የአባቶቹን ልማድ አስታወሰ፦ ምድጃ ያጣ ሰው በገበያው መካከል እሳት አንድዶ፣ ምስክር ባለበት ድስቱን ያፈላል። የበግ አንገትና ድንች ጣደ። እኔም የመራጮቹን መዝገብ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የምርጫው ዳኛ ግን፣ «ይህ የሚቆጠረው ምድጃው ያለ አግባብ ተደፍኖ እንደሆነ ነው። እሱንም የቤቱ ጌታ ሎርዱ ይናገር» አለ።

«አንተ አምብሮዝ፣ ጨው ረስተሃል» አለው ዳቦ ጋጋሪው ጋጅ፣ እጁን ወደ ድስቱ እየሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ። ገና አልበሰለም።»

«እኔ የምፈራው ክሪድ መጥቶ ሰማዩንም እንዳይደፍንብህ ነው።»

ሰው እየሳቀ ሳለ ሎርዱ ክሪድን አስከትሎ በፈረስ መጣ። ሁላችንም ባርኔጣችንን አወለቅን።

«ወዳጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለ።

«ምርጫ እያበሰልኩ ነው፣ ጌታዬ» አለ አምብሮዝ።

«እኔ እኮ ለንደን የምከራከረው ይህን አጉል ልማድ ለማስቀረት ነው። ሕጌ ሲጸድቅ ያለ ድስት ትመርጣለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚያው ግን ምድጃዬ ተደፍኗል።»

«ጭሱ ቤቱን እያበላሸው ነበር» አለ ክሪድ።

«ሠላሳ ዓመት ሲጨስ ምንም ያልሆነ ቤት» አለች የአምብሮዝ ሚስት ታማሲን፣ ድስቱን እያማሰለች። «ባሌ አፉን በከፈተ በሳምንቱ ተበላሸ።»

አምብሮዝ ወደ ፈረሱ ቀረበ። 

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስሜ መዝገብ ላይ የሚገባው በእርስዎ ቃል ነው። ጡቡን ያስገነቡት እርስዎ ነዎት፣ ወይስ ሚስተር ክሪድ በራሱ ነው?»

ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነክሬ ጠበቅኩ። ሎርዱ ክሪድን አየው፤ ክሪድ መሬት መሬት ያያል።

«እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ አልመልስም» አለና ፈረሱን አዞረ።