ማርያምን ፍለጋ ወደ ታች

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ለእኔ ቤተ ክርስቲያን ማለት ወደ ታች የሚወረድበት ቦታ ነበር። የተወለድኩት ከላሊበላ ከፍ ብላ ካለች መንደር ነው። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አይታይም። ከበሮው ከእግራችሁ ሥር ሲመታ ትሰማላችሁ፤ አለቱ ጫፍ ስትደርሱ ጣሪያው ከታች ብቅ ይላል። ከዚያ ጫማ አውልቆ፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳበሱ መውረድ ነው። ሌላው አገር እንዲህ እንዳልሆነ የነገረኝ አልነበረም።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ግን በአለቶቹ ዙሪያ ያለውን የውሃ መውረጃ ከሚጠርጉት አንዱ ነበር። ስለዚህ ድንጋይ ካየ ተሰንጥቆ እንደሆነ ለማወቅ ሳያንኳኳ አያልፍም። እናቴ እኔን ስታምጥ ተጨንቃ ኖሮ «ሁለቱንም ካተረፍሽልኝ ልጄን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ለአክሱም ጽዮን ተሳለ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ አዝመራውን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ለኅዳር ጽዮን ሦስታችን ተነሣን። እስከ ወልድያ በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። የአውቶቡሱ ነገር መቼስ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ መኪናው እስኪቆም ዓይኗን አልገለጠችም።

አክሱም ስንደርስ አባቴ ስለቱን አግብቶ በቀጥታ ወደ ሐውልቶቹ ሄደ። አንዱን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ምነው፣ አሞታል?» አለችው እናቴ።

«ዝም በይ እስቲ። የእኛዎቹ ወደ ታች ፈለፈሉ፣ እነዚህ ወደ ላይ አቆሙ። የማን ይበልጣል ብዬ ነው።»

እናቴ ወድቆ የተሰባበረውን ትልቁን ሐውልት በአገጯ አሳየችውና «የእኛዎቹስ ማን ላይ ይወድቃሉ» አለች። አባቴ ሌላ ድንጋይ ሊያንኳኳ ሄደ።

ከአክሱም አስመራ ሄድን፤ የእናቴ ወንድም እዚያ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ያኔ አገሩ አንድ ቢሆንም ለእኛ ሕዝቡም ቋንቋውም እንግዳ ነበር፤ ዛሬማ በእውነትም ሌላ አገር ሆነ። ሰዉ በብስክሌት ይጎርፋል፣ መንገዱ ተበልቶበት የተወለወለ ሳህን ይመስላል። አጎቴ ሥራ ስለነበረበት ገበያውን ብቻችንን ልናይ ወጣን። እናቴ እጄን ጨብጣ «ከጠፋሽ ማርያምን ጠይቂ። አጎትሽ ቤት አጠገብ ናት፤ ደጇ ላይ እንገናኛለን» አለችኝ። ማታ የገባነው ጨልሞ ስለነበር ማርያም የትኛዋ እንደሆነች ሦስታችንም በወሬ እንጂ በዓይን አናውቃትም።

እጇን የለቀቅኩት ለሰላምታ ነው። ከመስታወት ጀርባ አንዲት ያማረች እመቤት ቆማለች። ታላቅን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነውና እጅ ነሣሁ። ዝም አለችኝ። ደግሜ ነሣሁ። ኩሩ ናት ብዬ ዞር ስል እናትና አባቴ የሉም። ለካስ እመቤቲቱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ኖራለች።

መጀመሪያ አላለቀስኩም። ማርያምን ካገኘሁ እናቴን አገኛለሁ። አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ጉድጓድ ፍለጋ ጀመርኩ። ሰዉ ይገፋኛል፣ ብስክሌት ደወል ያቃጭልብኛል፣ እኔ ቀና አልልም። ብዙ ከዞርኩ በኋላ አንድ ቤት ጎን ወደ ታች የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አየሁ። ደስታዬ። አዲሱን ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ፣ መቃኑን ተሳልሜ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወረድኩ። ውስጡ ሞቃት ነው፤ ነጭ የለበሱ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ካህናቱ መሰሉኝ። ሽታው ግን የዳቦ ነው።

«እማዬስ?» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያኔ ነው መጥፋቴ የገባኝ፤ እናቴ እዚህ ከሌለች ሌላ የማውቀው ቦታ የለኝም። እሪ አልኩ።

ክንዷ ድረስ ዱቄት የለበሰች አንዲት ሴት ሊጧን ትታ መጣች። «አጆኺ ጓለይ» አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ መሆኑ ገባኝ። ከልቅሶዬ መሐል «ማርያም» የሚለውን ስትሰማ ሳቋን አፈነች። በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ጫማዬን ይዛ ደረጃውን አወጣችኝ። መንገዱን አሻግራ፣ አንድ ጥግ ዞረን እንዳበቃን ቆመችና አገጬን በዱቄታም ጣቷ ይዛ ቀና አደረገችው። «ላዕሊ» አለች።

ማርያም ሰማዩን ሞልታ ቆማለች። ከደጇ ላይ እናቴ ተንበርክካለች፤ አባቴ ሲያየኝ መጥቶ አላቀፈኝም፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ነች እየሮጠች የመጣችው። ፊቴን፣ ክንዴን፣ እግሬን ዳበሰችና «ጫማሽስ?» አለች። ሴትዮዋ ጫማውን አቀበለቻት። እናቴም ስትስቅና ስታለቅስ ነጠላዋን በእኔ እንባ ይሁን በእሷ አራሰችው።

አባቴ «የት ነበረች?» ሲላት ሴትዮዋ በዱቄታም እጇ ወደ ታች ጠቆመች። ገባው። «የእኛ ልጅ ናት» አለ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት፤ «ዳቦ ቤት ተሳልማ መጣች።» እስኪሞት ድረስ በዚህ ቀለደብኝ። ሴትዮዋ ግን ልናመሰግናት ዞር ስንል ሊጡ እንዳይኮመጥጥባት ነው መሰል ሄዳ ነበር።

ዛሬ ልጆቼ ሲጓዙ በየደረሱበት ይደውሉልኛል፤ የልጅ ልጆቼም ስልኩን አይተው «በቀኝ ነው፣ በግራ ነው» ይላሉ። ተመስገን ነው፤ ያኔ ጠፋች ከተባለች ጠፋች ነበር። እናትና አባቴም አጎቴም አልፈዋል፤ ወደ አስመራም እንደ ድሮው ተነሥቶ መሄድ የለም። በቀደም የሙታኖቼን ስም ላስጠራ ቤተ ክርስቲያን ወርጄ የሦስቱን ከነገርኳቸው በኋላ ቄሱን «አንዲት የአስመራ ሴትም አለች» አልኳቸው።

«ክርስትና ስሟ ማነው እናቴ?»

«አላውቀውም አባ። ሳንጠይቃት ሄደች።»

«ታዲያ ማን ብዬ ልጥራት?»

«ወለተ ማርያም በሏት» አልኩ። «ልጇ ባትሆን ቤቷን መች ታሳየኝ ነበር።»

ቄሱም ወለተ ማርያም ብለው ጠሯት።