የቀደመ እሳት

ደክሞኝ ነበር። ይህን የምናገረው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰው መኪና ሥር ተጋድሜ ኖሬ፣ ወገቤ ከእኔ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ነው አንዲት ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመንካት ትንሽ የቀራት ቀይ የስፖርት መኪና ወደ ጋራዤ መመላለስ የጀመረችው።

ባለቤቷ የየኔታ የእህት ልጅ ነው። የኔታ በልጅነቴ አቋቋም ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ትምህርቱን ጥዬ የወጣሁት እኔው ነኝ እንጂ እሳቸው አላባረሩኝም። ማኅሌት ላይ ግን ሁልጊዜ እቀድም ነበር። ጸናጽሉ ሳይመታ የእኔ መቋሚያ ይነሣል። «ቀደምህ» ይሉኛል። በማግስቱም «ቀደምህ»። ዞሮ ዞሮ ማስቀደም እንጀራዬ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት የራሱ ጊዜ አለው። ያን ጊዜ የሚወስነው ዲስትሪቢዩተር የሚባለው ዕቃ ነው፤ ብሎኑን አላልተህ የፀጉር ያህል ብታዞረው እሳቱ ይቀድማል፣ መኪናዋም ትንሽ ጉልበት ታገኛለች። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክመዋል፣ እሳቱን ማስቀደም ያነቃዋል። ሲበዛ ግን ሞተሩ ያንኳኳል። ያን ድምፅ ሳይሰማ የሚነዳ ሰው ፒስተኑን ይበሳል። ጊዜውን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እኔ የነበረኝ ጆሮዬ ነው። የታወቅሁትም በእሱ ነው፤ ከቁይም ከጉንደ ወይንም «እስቲ አዳምጥልኝ» ብሎ መኪናውን የሚያመጣ ሰው ነበር።

ወጣቱ ግን አይጠግብም። «ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ይላል። እጨምርለታለሁ። በሳምንቱ ይመለሳል። «በሦስተኛ ማርሽ አቀበቱን ወጣችልኝ፤ እስቲ ደግሞ ትንሽ።» አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል እያልኩ አሁንም እጨምርለታለሁ። ለምን እንደጨመርኩ ልናገር፤ ማንኳኳቱ አልተሰማኝም። በቃ አቁም ይለኝ የነበረው ያ ቀጭን ድምፅ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ የእኔ ግን የምር ባዳ ሆነብኝ። ሚስቴ ከጓዳ ስትጠራኝ ዝም እላለሁ፤ እሷም ኩራት ይመስላታል። ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮው የሄደ መካኒክ ማን ይፈልጋል? ፈራሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ የየኔታ ቀጠሮ ደረሰ። ዓይናቸው ጠፍቶ ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የሚለዩት። አዲስ አበባ ላለ የዓይን ሐኪም ወራት ሙሉ ወረፋ ጠብቀው ነበር። ቀኑ ካለፈ ወረፋው እንደገና ይጀመራል፤ ዓይን ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። የእህታቸው ልጅ በቀይዋ መኪና ሊወስዳቸው፣ እኔ ደግሞ እጃቸውን ይዤ ልመራቸው ተስማማንና ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመን ተነሣን።

የኔታ ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ታጠፍኩ። እስከ ደጀን ደህና ነበርን። የዓባይን ቁልቁለት ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ የጎሐ ጽዮን አቀበት ተጀመረ። ሙቀቱ ያፍናል። ወጣቱ ነዳጁን ረገጠው።

«ይህ የሚንሿሿው ምንድን ነው?» አሉ የኔታ።

«ምኑ?» አለ ወጣቱ።

«ከፊት ነው። ጸናጽል ይመስላል፤ ግን ያለ ጊዜው ነው የሚመታ።»

ወጣቱ በመስታወቱ ወደ እኔ አየ። አዳመጥኩ። የሞተሩ ጉርምርምታ አለ፣ ነፋሱ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። «ምንም አይደል የኔታ፣ መንገዱ ነው» አልኩ።

ሁለት መታጠፊያ ወጣን። የኔታ እኔ የማልሰማውን ምት በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ። እሳቱን ያስቀደምኩት ለማርቆስ አየር ነው። እዚህ በረሃ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አያድርስ፤ ደጋ ላይ ሞተሩን የሚያነቃው መቅደም እዚህ ይገድለዋል። ይህን አውቅ ነበር። ጠዋት ልመልሰው ይገባኝ ነበር። ድካምም ስንፍናም ሆነና፣ ካንኳኳ ያኔ ይታያል ብዬ ተውኩት፤ የሚሰማ ጆሮ እንደሌለኝ እያወቅሁ። አሁን ፒስተኑ ቢበሳ የኔታ ለቀጠሯቸው አይደርሱም።

«አቁም» አልኩት።

ወርጄ በየኔታ መስኮት በኩል ቆምኩ። ወጣቱም ወርዶ ነበር፤ ይስማ አልኩ። «የኔታ፣ እኔ አይሰማኝም። ሁለት ዓመት አለፈኝ። እሳቱን ትንሽ ትንሽ እየመለስኩ እንሂድ፤ ጸናጽሉ ሲቆም እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ እስከ ዛሬ በምንዎ ሲያስተካክሉልኝ ከረሙ?» አለኝ። ቁልፌን ይዤ ወደ ሞተሩ ሄድኩ።

ብሎኑን አላልቼ፣ የፀጉር ያህል መልሼ አጠበቅሁ። ጥቂት ወጣን። «ገና ነው» አሉ። ቆምን፣ መለስኩ፣ ወጣን። «ገና ነው።» የጋለው ብረት ጣቴን ፈጀኝ። በሦስተኛው፣ ድሮ ማኅሌት ላይ እኛን ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። «አሁን ዝም አለ። በቃ።» መኪናዋ ወጣቱ ወራት ሙሉ የለመነላትን ጉልበት ሁሉ ተገፍፋ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች ወጣች። አንድ አሮጌ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመን፤ ወጣቱ ከንፈሩን ነከሰ።

አቀበቱ ሊያልቅ ሲል የኔታ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ። «ይህን ዓይን ሦስት ዓመት ደብቄዋለሁ። ቃሉ በአፌ ነበረ፤ መጽሐፉን ዘርግቼ የማይ እየመሰልኩ አስተማርኩ። የማያይ መምህር ተማሪ ይሸሸዋል ብዬ። ‹ቶሎ ቢመጡ ኖሮ› አሉኝ በኋላ የማርቆስ ሐኪሞች።» ሳቅ አሉ። «አንተም ሁሉን ስትቀድም ኖረህ፣ ይህን ብቻ አዘገየኸው።»

ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ። ከድካሙ ይሁን ከእፍረቱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰዉ ሞልቷል። ስም የሚጠራው ከውስጥ ነው፤ እኔ መሪያቸው ነኝና ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል እጠብቃለሁ። የኔታ ክንዴን ያዙኝ።

«ተጠራን» አሉ።

በሩን አየሁ፤ ማንም ብቅ አላለም። «ቀደሙ የኔታ፣ ገና አልተጠራንም» አልኳቸው።

«ሁለቴ ተጠራን፣ ልጄ። ተነሥና ምራኝ።»