በረኛዋ በሩን አልከፈተችም

ያን ሰኞ ጠዋት የሚወርደው ዝናብ የሚያባራ ዓይነት አልነበረም። ነፋስ የለው፣ ነጎድጓድ የለው፣ ዝም ብሎ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን የጓሮው ገመድ ባዶውን ይውላል፤ የታጠበው ሁሉ ወደ ማድረቂያው ማሽን ስለሚጋፋ እርጥብ አንሶላ በቅርጫት በቅርጫት ተከምሮ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁላችንም ፊታችንን አጥቁረን ነበር የምንገባው። ያን ቀን ግን ሴቶቹ ጥላቸውን እያራገፉ፣ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያስሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር።

“ራዲዮ መጣች?”

ራዲዮ የባሌ ታላቅ እህት ናት። በሥራ ቦታ ሁሉም ራዲዮ ይላታል፤ እኔ ብቻ እትዬ እላታለሁ። ሥራውን ያስገባችኝ እሷ ናት። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሳጥብ አይታኝ፣ “ማጠብሽ ካልቀረ ደሞዝ ያለው ቦታ እጠቢ” ብላ እጄን ይዛ አመጣችኝ። የሆቴልና የክሊኒክ አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ የሚታጠብበት ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ነኝ። የት እሄዳለሁ?

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ከማድረቂያው ሲወጣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንወጥራለን፣ እናጥፋለን፣ ከዚያ ለምትተኩሰው እናሳልፋለን። እጅ ሥራውን ስለሚያውቀው አፍና ጆሮ ሥራ ፈት ናቸው። ስለዚህ ከእኛ በፊት የቆየ ልማድ አለ። ከመካከላችን አንዷ ተራኪ ትሆናለች። እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ያየችውን ድራማ ሳምንቱን ሙሉ ከፋፍላ ትተርክልናለች። ተራኪዋ እርጥብ ቅርጫት አታነሳም፤ የእሷን ድርሻ እኛ እንሸከማለን፤ ትንፋሽ ያጠራት ሰው ወሬዋ አይጥምምና። በምላሹ አንድ ግዴታ አለባት፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ድሮ አንዲት ተራኪ ያልተጋቡትን አጋብታ፣ ያላረገዘችውን አስረግዛ፣ ነገሩ ሲጋለጥ በእርጥብ ፎጣ እስከ መሞሻለቅ ተደርሷል ይባላል። ሕጉ የወጣው ያኔ ነው።

እትዬ ተራኪ ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። ጀርባዋ ክፉኛ ያማታል። ከጠረጴዛው ከተነሳች የሚጠብቃት እርጥቡ ክፍል እንደሆነና እርጥቡ ክፍል ለዚያ ጀርባ እንደማይራራ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሷም ታውቃለች።

የዚያን ጊዜ የምትተርክልን የዞምቢ ድራማ ነበር። ሲጀመር ከሁላችንም የሚበልጡት፣ ስንት ዘመን ከካውያው አጠገብ የቆሙት እማማ ካውያ፣ “የሞተ ሰው ሲራመድ ማየት ምኑ ብርቅ ነው? የእኔ ባል በቁሙ እያለ ነበር እንደዚያ የሚራመደው” ብለው አስቀውናል። እየቆዩ ግን እሳቸውም ተያዙ።

ከሞት የተረፉ ሰዎች አንድ አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። የብረት በር አለ። በሩን የምትጠብቀው በረኛዋ፣ ወፍራም፣ አንድ እግሯን የምታነክስ፣ መልክም ይህን ያህል የሌላት ሴት ናት። ቆንጆው ሐኪምና ፍቅረኛው ሰገነት ላይ ሲሳሳሙ እሷ ከበሩ ሥር ናት። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የገዛ ወንድሟ ተነክሶ መጣ። “እህቴ፣ ክፈቺልኝ” እያለ በሩን ሲደበድብ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ዝም ብላ አለቀሰች እንጂ አልከፈተችለትም። ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። እትዬ ያንን ክፍል የተረከችልን ቀን የታጠፈው አንሶላ ሁሉ ጠማማ ነበር።

እትዬ በረኛዋን እንደ ሥጋ ዘመዷ ነው የያዘቻት። ምክንያቱን ሰው ያማል። ባሏ ጥሏት ጠፍቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደጇ ላይ ሲቆም አልከፈተችለትም። ግማሹ ጎረቤት ጨካኝ ብሏታል። ተቆጣጣሪያችን አንድ ቀን ይህንን አንስታ፣ “ለዚህ ነዋ በረኛዋን የወደድሻት” ብትላት፣

“ምን አገናኘው?” አለቻት። “ዞምቢ እንኳ ሰው ፈልጎ ነው የሚመጣው። እሱ የመጣው ራት ፈልጎ ነው።”

የሦስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል የታየው ከዚያ ዝናባማ ሰኞ በፊት በነበረው እሁድ ነው። የምንኖረው አንድ ግቢ ስለሆነ እኔም እትዬ ቤት ሶፋው ላይ ነበርኩ፤ ግን እሁድ ከሰዓት ለእኔ ሶፋ ማለት አልጋ ነው። የቀሰቀሰኝ ጩኸቷ ነው።

“ከፈተች! አንቺ ተነሺ፣ ከፈተች!”

“ማን? ምኑን?”

“በረኛዋ ናታ! በሩን!”

ዓይኔን ጠርጌ ሳይ ሐኪሙና ፍቅረኛው ሄሊኮፕተር ውስጥ ተቃቅፈው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ሙዚቃው ይንቆረቆራል። ለካ ከውጭ የወንድሟን የሚመስል ድምፅ ሰምታ፣ ተነስታ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ዞምቢዎቹ ገቡ። ስትወድቅ እንኳ ያሳዩን ከኋላዋ ነው፤ ፊቷን ማንም አላየም።

“ለእውነተኛ ወንድሟ ያልከፈተች ሴት ለድምፅ ትከፍታለች?” እያለች ሳሎኑን ትዞረዋለች። “ሐኪሙን ማስወጫ ምክንያት ቢያጡ ጊዜ ነው! በእሷ ሬሳ ላይ ተረማምደው ሊሳሳሙ!”

“እትዬ፣ ድራማ እኮ ነው።”

“ድራማ ስለሆነማ ነው! ኑሮ ሲበላሽ ማንን ትጠይቂያለሽ? ማንንም። ይኼን ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ ተከፍሎት የጻፈው ሰው አለ!”

ስልኳን ስትከፍት አገር ምድሩ እንደ እሷ ተቆጥቶ ጠበቃት። አንዱ “ዕድሜዬን መልሱልኝ” ይላል፤ ሌላው “ዞምቢው የነከሰው ደራሲውን ነው” ብሎ ጽፏል። የድራማው ሰዎች ደግሞ “ታገሡ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሁሉም ይገለጣል” ብለዋል። እትዬ “የሞተች ሴት ምኗ ይገለጣል?” ብላ ጻፈችላቸው። ብዙ ሰው ወደደላት። እሷን ግን አላበረዳትም። ማታ ራት አቅርቤላት አልበላችም።

እና ያን ሰኞ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። እትዬ ከፊት ለፊቴ ቆማ የአንሶላዋን ጫፍ ያዘች።

“በይ እንጂ ራዲዮ፣ አታንጠልጥይን።”

“እሺ” አለች። “በረኛዋ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች። ከውጭ ድምፅ መጣ። የወንድሟ ድምፅ።”

“እኔን!” አለች አንዷ።

“ተነሳች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።”

እኔ ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ አላየችኝም፤ አንሶላውን ወጠር አደረገችው።

“ከዚያ ‘ወንድሜ ከሆንክ፣ ልጆች ሳለን እናታችን የምትጠራህ በምን ነበር?’ አለችው። ዝም። ደግማ ጠየቀችው። ዝም። እጇን ከመቀርቀሪያው ላይ አነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሄሊኮፕተሩ መጣ። ሐኪሙ ‘ነይ፣ ላንቺም ቦታ አለ’ አላት። ‘ሕፃናቱን ውሰድ። በር ያለጠባቂ አይተውም’ አለችው። ሄዱ። እሷ ቀረች። መጨረሻ ላይ ፊቷን አሳዩን፤ ፊቷን ብቻ፣ ረጅም ጊዜ።”

አንዷ በሆቴሉ ፎጣ ዓይኗን ጠረገች፤ እንደገና መታጠብ ነበረበት። እማማ ካውያ ካውያቸውን ረስተውት የትራስ ልብስ ሊያቃጥሉ ለጥቂት ነው የተረፉት። “ሴት ማለት ይቺ ናት” አሉ።

እኔ ጎንበስ ብዬ አጠፍኩ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ፊቷ በርቶ መጣች። እህቷ ቤት የተቀዳውን አይታ ኖሯል።

“ራዲዮ፣ ጣቢያሽ ተበላሽቶብሻል መሰለኝ” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። “በረኛዋ ከፍታ የለም እንዴ? ዞምቢ አይደለም እንዴ የዘነጠላት?”

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እትዬን አዩ፤ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ አንድ ግቢ እንደምንኖር ያውቃሉ።

“አንቺስ አላየሽም? እውነት ነው?”

“ራሷን ጠይቋት” አልኩ። ለእሷ ስል ለመዋሸትም፣ እሷን ለማሳጣትም አቅሙ አልነበረኝም።

እትዬ የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ “እውነቷን ነው” አለች። “ከፈተች። ሞተች። ሐኪሙ በረረ። አለቀ። ይኸው፣ የእነሱ መጨረሻ ይኼ ነው፤ የሚጥማት ካለች ትውሰደው።”

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አለች ተቆጣጣሪዋ።

“እዚህ ቤት የሚጠራው በሳሙና ነው” አለቻት እትዬ።

እማማ ካውያ ካውያውን አቆሙት። በጠረጴዛው ጉዳይ የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። “ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ” አሉ። “ላብሽን ተሸክመንልሻል። እኛ ያመንነው አፍሽን ነው።”

“አውቃለሁ፣ እማማ።”

“እንግዲያው ይቅርታ በይና ነገሩ እዚህ ይለቅ። አስለቅሰሽናል፤ ግን ይቅር እንልሻለን። ሁለተኛ ላትደግሚው ቃል ግቢ።”

ሴቶቹ ሁሉ “በይ እንጂ፣ በይ” አሉ። ማንም እንድትሄድ አልፈለገም። እኔም በሆዴ በይ በይ እል ነበር። ይቅርታ ምን ይከብዳል? እኔ ላላጠፋሁትም ስንቴ ብያለሁ።

“አልልም” አለች።

“እንዴ!”

“አልልም፣ እማማ። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ያቺን ሴትዮ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነግሬያችኋለሁ። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ትከፍታለች?”

የማድረቂያው ማሽን ብቻ ይሽከረከራል።

“ታዲያ የዋሸው ማን ነው? እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እነሱ ይቅርታ ሲሉ እኔም እላለሁ።”

እማማ ካውያ ካውያቸውን መልሰው አነሱ። “ሕግ ሕግ ነው” አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን ደስ ያለው አይመስልም። “ቅርጫቱን ታነሻለሽ።”

“አነሳለሁ።”

እዚያው፣ ማንም ሳይነግራት፣ መተላለፊያው ላይ ካለው ክምር አንዱን እርጥብ ቅርጫት ያዘች። ሮጬ በአንዱ ጆሮው ልይዝላት ስል፣ “ተይው፣ አንቺ አልዋሸሽም” አለችኝ። ፊቷ ጠቆረ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ተሸክማው ሄደች። ማታ ጀርባዋን በትኩስ ፎጣ ስይዝላት “እትዬ፣ አንድ ቃል ብትይ ምን ነበረበት?” አልኳት።

“አንድ ቃልማ ቀላል ነው” አለች። “እነሱም ያስከፈቷት አንዲት መቀርቀሪያ ብቻ ነው።”

በእሷ ቦታ ፌስታል የምንላት ተተካች፤ የትም ስትሄድ ፌስታል ስለማይለያት ነው። ፌስታል ሕጉን ታከብራለች። “ገባ፣ ወጣ፣ ነከሰው፣ ሞተ” ትላለች፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ሴቶቹ እያዛጉ ያጥፋሉ። አራተኛው ምዕራፍ ሲጀመር እትዬ ቴሌቪዥኗን ዘጋችው፤ እኔም እሁድ ያለ ጩኸት መተኛት ጀመርኩ። ስለ በረኛዋ ምንም አልተገለጠም ይላሉ፤ ስሟም አልተነሳም።

መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ ሁሉም በምሳ ሰዓት ወደ እርጥቡ ክፍል ማዝገም ጀመሩ። ለወሬ አይደለም ይላሉ፤ እዚያ ይቀዘቅዛል ይላሉ። እትዬ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ይጠብቋታል። ከዚያ አንዷ “እና አሁንስ ማን በሩን አንኳኳ?” ትላታለች። ተቆጣጣሪዋ በመጀመሪያው ሰሞን “ይኼ እኮ በየትም አይታይም፣ ከራሷ ነው የምታመጣው” ብትል፣ እማማ ካውያ በርጩማቸውን ይዘው እየገቡ “እናውቃለን፣ ዞር በይልን” አሏት። ፍርዳቸውን ግን አላነሱም። ቅርጫቱ እንደ ፍርዱ ነው።

እትዬ ዛሬም እርጥቡ ክፍል ነው የምትሠራው። ጀርባዋ ብሶባታል፤ ይቅርታ ግን አላለችም።