ባለኩራዙን የጨረሰው ዋልልኝ

ዋልልኝ በየሺ ጌም ቤት በኩል ማለፍ ካቆመ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ከቤቱ ወደ ሱቁ የሚወስደው ደህና መንገድ በዚያ ነው። እሱ ግን በጀርባ ዞሮ፣ በነሐሴ ጭቃ ጫማው እየሰመጠ ይሄዳል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልሁት፣ ለደብረ ታቦር በዓል ከባሕር ዳር የመጣሁ ቀን።

«ጭቃው ይሻለኛል» አለ፣ የፈታውን ስልክ በመብራት እያየ።

ዛሬ ስልክ ይጠግናል እንጂ በዚህ ከተማ ጌም ቤት ለመክፈት ከሁሉ የቀደመው ዋልልኝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በቅርብ ካለችው ገሳይ መጥቶ አጎቱ ዘንድ ይኖር ነበር። ከአጎቱ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ዘጠኝ ካሴት ይዞ ጀመረ። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሆኜ ከአግዳሚው አልጠፋም። ካሴቱ እንቢ ሲል ነቅለን እፍ እንልበታለን፤ ያኔ እሺ ይላል። በክፍሏ አንድ ሕግ ነበረ፦ ያልሞተ አይነሳም። ሰውዬህ ስክሪኑ ላይ እስካልሞተ፣ ወይ ጌሙ እስካላለቀ ድረስ ወንበሩ ያንተ ነው። ባለቤቱም በዚሁ ሕግ ነበር የሚተዳደረው።

ስምንቱ ካሴቶች ኳስና ድብድብ ነበሩ። ዘጠነኛውን ከዋልልኝ በቀር የሚፈልገው አልነበረም። ጽሑፉ የጃፓን ይሁን የቻይና አናውቅም። አንድ ትንሽ ሰውዬ ኩራዝ ይዞ ዋሻ ለዋሻ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጋዙ ሳያልቅበት ሌላ ጋዝ ማግኘት አለበት። «ባለኩራዙ» አልነው። ማጫወቻው የደረሱበትን አያስቀምጥም፤ መብራት ከሄደ እንደገና ከላይ ነው። መብራት ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ ባለኩራዙን የሚጨርስ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዋልልኝ ጨረሰው። ዛሬ ሱቁ በሆነችው በዚያች ክፍል በር ውስጠኛ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ በሰማያዊ ዘይት ቀለም ተጽፏል፦ «ዋልልኝ ባለኩራዙን ጨረሰ፣ ሚያዝያ 1992»። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ጨራሹ» ይለዋል። አዳዲስ ማጫወቻዎች መጥተው ደንበኛው ሲበተን፣ ማጫወቻው በመብራት ተቃጥሎ ሲጣል፣ ያች ጽሑፍና ያ ካሴት ቀሩት። ስልክ ለማሠራት የሚመጣ ሁሉ በሩን ሳያይ አይወጣም።

«የሺን አየሃት?» አለኝ ድንገት።

«የትኛዋን?»

«ደጃፌ ላይ ቆሎ እየሸጠች በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ታይ የነበረችውን። ከቤሩት መጥታ ጌም ቤት ከፈተች። አራት ስስ ቴሌቪዥን!»

«ጥሩ ነዋ።»

«ምኑ ነው ጥሩ? ካሴት እንኳ የለውም! ጌሙ በኢንተርኔት ነው የሚወርድ። ወርዶም አላለቀ፣ በየሳምንቱ አፕዴት አርጉኝ ይላል። እኛ ዘንድ ጌም ሲገዛ ተሠርቶ ያለቀ ነበር።» ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እሱስ ይሁን። ባለኩራዙንም አምጥታዋለች። ጨርሼዋለሁ ትላለች።»

«አንተስ ጨርሰኸው የለ?»

«ያንተ ግማሹ ነው አለችኝ። ልጆቹ ፊት!» ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «እንዲያውም ደግ መጣህ። መጨረሻ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንተ ነህ ያነበብኸው። ና፣ ፊቷ መስክርልኝ።»

የማመካኘው አጣሁና ተከተልሁት። በደህናው መንገድ ሄድን።

የየሺ ቤት ሞቆ ነበር፤ ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ በሩ ላይ ይቀራል። ልጆች አራቱንም ቴሌቪዥን ከበዋል። ዋልልኝ ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ የልጆቹን ቁጥር አየ። ከንፈሩን ነከሰ።

«ጋሼ ዋልልኝ! እንኳን መጡልኝ» አለች የሺ። «ይግቡ፤ እኛ ዘንድ ከበር የሚመለስ የለም።»

«ያኔ ቦታ ስላልነበረ ነው።»

«ቦታማ ነበረ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ልጆቹን አስነሥታ ባለኩራዙን አመጣችው። ያው ሰውዬ ነው፤ ያው ዋሻ። የደረሰችበትን ማሽኑ አስቀምጦላት ስለነበር በአንድ ጊዜ ዋልልኝ ጨረስሁ ካለበት ቦታ አደረሰችን፦ ስክሪኑ ጨለመ፤ ኩራዙ ጠፋ፤ አራት መስመር ጽሑፍ ወጣ።

«ይኸው!» አለ ዋልልኝ። «አለቀ ነው የሚለው። ጠይቂው፣ የተማረ ሰው ነው።»

የሺ አንዷን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫነች። ኩራዙ በራ። ከሰውዬው እግር ሥር በር ተከፈተ፤ ከሥሩም አይተነው የማናውቀው፣ ውኃ የሚፈስበት ሰማያዊ ዋሻ ታየ።

«ጋሼ፣ ሃያ አምስት ዓመት በሩ ላይ ቆመው ነበር ማለት ነው?» አለ አንዱ ልጅ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ዋልልኝ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ አለቀ ነው የሚለው አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«አንብበህ?»

«ማንበብ አልችልም ነበር።»

«እና?»

«ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነበርሁ» አልሁት። «ያን ቀን መብራት አልሄደም፤ አንተም አልሞት አልህ። ሰው ሁሉ አንተን ያያል። ቀናሁብህ። ተራዬ እንዲደርስ ብዬ ነው።»

አሁንም ትዝ ይለኛል። «አለቀ» ስለው ዘሎ አቀፈኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሱ ደስታውን ለአጎቱ ሊነግር ሲሮጥ፣ እኔ ካሴቱን ነቅዬ ኳስ አስገባሁ። በሩ ላይ የጻፍሁለትም ነውሬን ለመሸፈን ነበር።

ዋልልኝ አልሰደበኝም። ሰማያዊውን ዋሻ ብቻ ያያል።

«መጨረሻውን ላሳይዎት?» አለች የሺ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«እንዳትነኪው! እንዳትነግሪኝም!» ጆይስቲኩን ከእጇ ነጠቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስትጨርሺው ማን አብሮሽ ነበር?» አላት።

«ማንም። የአሠሪዎቼ ልጅ የጣለው ማጫወቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ እነሱ ሲወጡ፣ ብቻዬን።»

ትክ ብሎ አያት። ስለ ቴሌቪዥኖቹ ያ ሁሉ ቅናት አሁን ሌላ መልክ ይዞ ነበር፤ የእሷ ዓይን ያየውን የእሱ ዓይን አላየም።

«ከላይ ጀምሪልኝ» አላት።

«ከበሩ መቀጠል ይችላሉ እኮ።»

«ከላይ።»

ጀመረ። ልጆቹ ጥቂት አይተው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ዝናቡ መጣ፣ አባራ፤ አውራ ጣቱ አሁንም መንገዱን ያውቃል። በጀመረ በሦስተኛው ሰዓት እዚያ ጨለማ ደረሰ፤ ቁልፏን ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ወደ ውኃው ወረደ።

ጥቂት ቆይቼ «እኔስ? ተራዬ አልደረሰም?» አልሁት።

ፊቱን ሳያዞር «አልሞትሁም» አለኝ።