ቀዳዳ የሌለው ስልክ

አይፎን የሚያምር ነገር ነው፣ አልክድም። ጀርባው ይለሰልሳል፣ ጽሑፉ ይጠራል፣ ፎቶው ሰውን ቁጭ ያደርገዋል። እኔ ግን ዛሬ ሰው እጅ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቤታችን ግሽ አባይ ሠፈር ነው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ። አባቴ ጨርቅ ይነግዳል፣ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። እኅቴ ዐረብ አገር ትሠራለች። አንድ ጊዜ ለእናታችን አይፎን ላከችላት። እናቴ እስከዚያ የያዘችው እንደ እኔው አንድሮይድ ነበር፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በየደቂቃው ማስታወቂያ የሚዘልበት፣ ማንም አንሥቶ የሚጎረጉረው። ክፉነቱን አላጣሁትም። የራሴን አንዴ ለጥገና ሰጥቼ ፎቶዬ ሁሉ ሠፈሩን ዞሮ ነው የተመለሰልኝ። እኅቴ «ይኸኛው ጥብቅ ነው፣ ማንም አይገባበትም» ስትል ደስ ብሎኝ ነበር።

እኛ ዘንድ አዲስ ስልክ ሲመጣ ሞባይል ቤት ተወስዶ ነው የሚከፈተው። ሞባይል ቤቱ ያለው ልጅ ኢሜይል ያወጣል፣ የይለፍ ቃል ያወጣል፣ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ የራሱን ይሞላና «አለቀ» ይላል። ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን ማን ይጠይቃል? ምን ያደርግለታል? አንድሮይድ ከሆነ ነገ ቢዘጋበት ሌላ ኢሜይል ይወጣለታል። ፎቶውም ድምፁም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው፤ ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መሰካት ነው። የእናቴም አይፎን እንዲሁ ተከፈተ።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከእናቷ የወረሰችው መንዙማ ነበራት። ረጅም ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ቤታችን ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች፤ እኛ ልጆቿ አዝማቹን ከመቀበል ሌላ አናውቅም። እኅቴ «ቅጅልኝ» ብላ ለመነቻት። ቤቱ በገበያተኛ ስለሚንጫጫ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጣና ዳር ወርዳ ዋርካ ሥር ቁጭ ብላ በጥቂት በጥቂቱ ትቀዳ ጀመር። «እስካሁን የቀዳሽውን ላኪላት እንጂ» ስላት፣ «ሳያልቅ? ሙሉውን ነው የምልክላት» ትለኛለች።

ጨረሰችው። ገና ሳትልከው በዚያው ሰሞን እግሯን እያመማት ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደች፣ ስልኩ ከኪሷ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ገባ። በዚያው ሞተ። ይሠራል አይሠራም ሲባል እሷም ታመመች፣ ብዙም አልቆየች።

ከሐዘኑ በኋላ ስልኩን ይዤ ያልዞርሁበት ሞባይል ሠሪ የለም። ሁሉም ገልበጥ ገልበጥ ያደርገውና «ካርድ እኮ የለውም» ይለኛል። ጎኑን ዳሰስሁት። እውነትም ሚሞሪ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ያን ሁሉ ሲያሳምሩ አንዲት ቀዳዳ ነፈጉን። እኔ የምፈልገው እናቴን ነው፣ ለስላሳ ጀርባ ምን ይሠራልኛል? ማንም አይገባበትም አሉን፤ ልጇም «ማንም» ናት? አንዱ ሠሪ ብቻ «አካውንቷ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፣ በዚያ ግቢ» አለኝ።

በራሴ ስልክ ኢሜይሏን አስገብቼ የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ አልሁ። ኮድ በስልክ ቁጥርዎ ልከናል አለኝ። ቁጥሩ ያ የሞባይል ቤቱ ልጅ የሞላው የራሱ ነው። ልጁ ሱቁን ዘግቶ ከከተማ ከወጣ ቆይቷል። ብደውል አንድ ሽማግሌ አነሡ። ለካ የልጁ ሲም ሳይሠራበት ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ወጥቷል፤ እሳቸው ያሉት አንበሳሜ ከተማ ነው።

«አባባ፣ አሁን መልእክት ገብቶልዎታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጥር ይንገሩኝ» አልሁ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር ለማንም አትስጡ ብለውናል።»

«የእናቴ ነው እኮ አባባ።»

«ሁሉም የእናቴ ነው ይላል» ብለው ዘጉት።

ሰውየው ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ። መልሼ ደወልሁና «መጥቼ ልዩዎት?» አልኋቸው። «መምጣቱንስ ነይ፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስሸጥ ታገኚኛለሽ» አሉኝ።

በገበያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ አንበሳሜ ሄድሁ። የእናቴን ፎቶ አሳየኋቸው፣ ነገሩን አጫወትኋቸው። ብዙም አልመረመሩኝም፤ «ቁጭ በይ» ብለው ባለ ቁልፍ ስልካቸውን እጄ ላይ አኖሩልኝ። በራሴ ስልክ ኮዱን እንደ አዲስ ጠየቅሁ፣ እሳቸው ስልክ ላይ ገባ። አስገባሁት፣ ተከፈተ።

ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው። ለሌላው አካውንቱ ላይ ቦታው ሞልቷል ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩ ቦታ ሞልቷል እያለ ሲነግራት ኖሯል፣ በእንግሊዝኛ። እናቴ የምታነበው አማርኛና ቁርኣን ነው። ለማን ነበር የሚናገረው፣ የት አባቱ!

ከፈትሁት። አዝማቹን አወጣች፣ ሁለት አንጓ አለች፣ ከኋላዋ ውሃው ይሰማል። ከዚያ «ቀሪውን ነገ» ብላ አቆመች። ከሽንኩርቱ መሃል ተቀምጬ አለቀስሁ። ሽማግሌው ክርስቲያን ናቸው፤ ቆባቸውን አውልቀው እስኪያልቅ ሰሙ። «ደግ ድምፅ ነበራቸው፤ ለእኔም ጫኚልኝ» አሉ። በብሉቱዝ ላክሁላቸው፤ ያ ባለ ቁልፍ ስልክ የይለፍ ቃል ሳይል ተቀበለኝ።

ለእኅቴ አገኘሁት አልኋት እንጂ ስንቱን እንዳገኘሁ ልነግራት አፌ አልታዘዘኝም። «ስትመጪ ትሰሚዋለሽ» አልኋት። ለእናታችን ሙት ዓመት መጣች፣ ለእኔም አይፎን ይዛ። ያን ዕለት ኔትወርክ የለም። ጎን ለጎን ተቀምጠን በብሉቱዝ ልላክላት ብል ያ ውድ ስልኳ የኔን አይቀበልም። አንድ ክንድ አንራራቅም እኮ። የሽንኩርት ነጋዴው ስልክ የተቀበላትን እናቴን የገዛ ልጇ ስልክ በር ዘጋባት።

ያመጣችልኝን ከነካርቶኑ መለስሁላት። «ምን አደረገሽ ስልኩ?» ብላ ተቆጣች። የተሰነጠቀውን ስልኬን ከፍቼ ጆሮዋ ላይ ያዝሁላት። ዐይኗን ጨፍና ሰማች። «ቀሪውን ነገ» የሚለው ካለፈ በኋላ እንደጨፈነች ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ «ቀጣዩን ክፈችልኝ» አለችኝ።