ድንጋይ የሚግጠው ዓሣ

በሕይወቴ እንደዚያ ዓሣ አጥማጅ ያስቀናኝ ሰው የለም። ሀብት አልነበረውም፣ ቁመናውም የሚያስቀና አልነበረም። ከአሰብ በስተደቡብ ካለችው ከራሔይታ መንደር የመጣ፣ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል የአፋር ሰው ነበር። እኔ ደግሞ አሰብ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የዓሣ ቢሮ የምሠራ፣ ዲፕሎማዬን በመስታወት አስገብቼ ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩ ሰው ነበርኩ።

ጊዜው ከኤርትራ ነፃነት በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ ከባድ መኪኖች አሁንም ወደቡን ይሞሉት ነበር። አንድ መርከብ መልሕቁን ጎትቶ ከከተማው ፊት ለፊት ያለውን የኮራል አለት ሰባበረው። ኮራል እየበቀለ የሚጠጥር ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ የዓሣውም ቤት ስለሆነ፣ ስብራቱ ይሽር እንደሆነ ለማየት ከአስመራ አንዲት ባለሙያ መጣች። ስትመለስ ቦታውን የሚጠብቅላት አንድ ሰው ትመርጣለች ተባለ። ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ አዲስ ሸሚዝ ገዛሁ።

የሄድነው በዓሣ አጥማጁ ጀልባ ነበር። እኔ በቢሯችን ልማድ ገበያ የሚወጣውን ዓሣ ብቻ በየስሙ እየጻፍኩ ቅጹን ሞላሁ። የማይሸጥ ዓሣ ለእኛ ዓሣ አልነበረም። ባለሙያዋ ቅጹን አይታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ዓሣ አጥማጁ ግን ከውሃው ብቅ ብሎ የጀልባውን ጠርዝ ያዘና፣

«ስሙን ተይው፣ አፉን እዪ» አላት። «ያ ምንቃር ያለው ድንጋዩን ይግጣል። በላዩ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሲጠርገው አዲሱ ኮራል መቀመጫ ያገኛል። ይሄ ቀጭን አፍ ያለው ትል ለቃሚ ነው፤ ሺህ ቢሆን የዚያን ሥራ አይሠራም። ወላሂ፣ የሚግጠው ከጠፋ ስብራቱ አይድንም።»

የባለሙያዋ ፊት በራ። ቅጼን ገልብጣ ጀርባው ላይ አዲስ ሰንጠረዥ አሰመረች፤ የሚግጥ፣ የሚለቅም፣ ሌላውን የሚበላ። በገዛ ወረቀቴ ጀርባ!

ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው እሱን ነው፣ ውሃ የምታቀብለውም ለእሱ። እኔ ጨው ያደረቀውን አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ እርሳስ እቀርጽ ነበር። ውሃው ውስጥ ሲጠልቅ ትንፋሽ አጥሮት በወጣና ባየችው እያልኩ እመኝ ነበር። እሱ እቴ!

በመጨረሻ የመረጠችው እሱን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት፣ «ቦታውን እሱ ይጠብቅ፣ አንተ ጻፍለት» አለችኝ። የምጽፈው አጭር ማስታወቂያ ነበር፤ ስብራቱ እስኪሽር እዚያ መረብ መጣል ክልክል መሆኑን፣ ጠባቂውም እሱ መሆኑን የሚገልጽ። ጽፌ ማኅተም መታሁበት። ዓሣ የሚወርድበት ዳርቻ ባለው ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ስነሳ ግን ስሙን ከማኅተሙ በላይ አየሁት። መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ነገ እለጥፈዋለሁ አልኩ፤ በማግስቱም እንዲሁ አልኩ።

ለከባድ መኪና ሾፌሮቹ ምግብ ቤቶች ዓሣ የሚያቀርቡት ጀልባዎች ስብራቱ ላይ መረብ መጣል ጀመሩ። የሚግጠውም ዓሣ አብሮ እየወጣ፣ ገዢ ስለሌለው ዳርቻው ላይ ይጣል ነበር።

ከወራት በኋላ ዓሣ አጥማጁ ቢሮዬ መጥቶ «ና እይ» አለኝ። ወስዶ የመጥለቂያ መነጽሩን ሰጠኝ። ስብራቱን ያ አረንጓዴ፣ አልጌው፣ እንዳልታጨደ ሣር ወርሶታል። ትናንሽ ዓሣዎች በላዩ ይርመሰመሳሉ።

«ዓሣው ብዙ ነው» አልኩት ስወጣ።

«ብዙ ነው። የሚግጥ የለም።»

ጀልባውን ወደ ዳርቻው መለሰ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ሰሌዳው ፊት አቆመኝ። የውሃ መቋረጥ፣ የመርከብ መምጫ፣ የእግር ኳስ ግጥሚያ ማስታወቂያዎች ተደራርበውበታል።

«ባለሙያዋ ወረቀት ይለጠፋል ብላኝ ስለነበር፣ ጀልበኞቹን በየቀኑ እዚህ እያመጣሁ፣ ይኸው ተጽፏል፣ መረብ ክልክል ነው እላቸው ነበር» አለኝ። «ማኅተም ያለበትን እያሳየሁ። ማንበብ የሚችሉት ይስቁብኛል። እኔ እንጃ፣ ሌላ ወረቀት አሳይቼ ይሆናል።» ጣቱን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ወሰደና ዞሮ አየኝ። «አንተ የተማርክ ነህ። የኛ የቱ ነው?»

የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜም ቀናሁበት፤ እሱ የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም።