የተሰበረው እንስራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። የጓደኛዋ ሠርግ ላይ ግጥም እንድታነብ ተጠይቃለች። እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛውን ታነበዋለች እንጂ ሁሉም አይገባትም። ግጥሙን ሳየው ደነገጥኩ። በእኛ ጊዜ የተማረ ሁሉ በቃሉ የያዘው የድሮ ግጥም ነው። ሚስቱ ስትታመምበት እንስራ አዝሎ ወንዝ ስለሚወርድ ባል የሚተርክ።

“ዳዲ፣ ይሄ ፓርት ግን ፈኒ አይደል?” አለችኝ እየሳቀች። “ሰውዬው ሥራዋን ሁሉ እየሠራላት፣ እሷ ተነሥታ እንስራውን ትሰብርበታለች። ለምን?”

ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ እኔም እዚያው ቦታ ላይ ስቄ ነበር። መሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ዝናቡ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን፣ እሑድ እሑድ ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ በሸበጥ እየተንሸራተትን ቸርች እንሄዳለን። ቸርች ስል ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን የምንከራየው የትምህርት ቤት ክፍል ነው። የጠመኔ ብናኝና የረጠበ ሹራብ ይሸታል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ የምትጠብስ ሴትዮ ነበረችና ስብከቱ ሲረዝም ሆዳችን ይጮህ ነበር። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የመጣሁ ስለሆንኩ፣ አፌም ስለማያርፍ፣ የሥነ ጽሑፍ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ጉራዬ አያድርስ ነበር።

ጋሽ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ጋሽ ደምሴ ልብስ ሰፊ ናቸው። እትዬ ዘነበች አገር ቤት ሳሉ አስተማሪ ነበሩ፤ ናይሮቢ በመጡ በዓመቱ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። ፀጉራቸውን መሥራት ሲያቅታቸው፣ ጋሽ ደምሴ የሰፈሩ ፀጉር ሠሪዎች ደጃፍ ቆመው እያዩ ሹሩባ መሥራት ተማሩ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ ኋላ ግን አስተማሯቸው አሉ። ሹሩባው መስመሩን የሳተ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ነው የሚገቡት።

አንድ እሑድ ስለ ትዳር ፕሮግራም ተዘጋጀና ያንን ግጥም አንብቤ እንዳብራራ ተነገረኝ። ሳነብ ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ማብራራት ስጀምር ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ፈገግ አለችልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ።

“ባል የሴት ሥራ ከያዘ ሚስቱ ትንቀዋለች” አልኩ። “እንስራውን የሰበረችበት ለዚህ ነው። እዚህም ሹሩባ የሚሠሩ ወንድም አሉን፤ ሚዷቸው እንዳይሰበርባቸው ይጠንቀቁ።”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ደምሴም አብረው ሳቁ፤ መሬት መሬት እያዩ። እትዬ ዘነበች አልሳቁም። ወደ እኔም አልተመለከቱም። ዓይናቸው ባላቸው ላይ ነበር።

በሳምንቱ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ለጸሎት ስንቆም ነጠላው ሸርተት ሲል ፀጉራቸው የለም። እስከ ሥሩ ተቆርጧል። እኛ አገር ሴት ፀጉሯን እንዲያ የምትቆረጠው ሰው ሲሞትባት ነውና፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሴቶቹ ከበቧቸው።

“እግዚአብሔር ያጽናሽ ዘኑዬ፤ ማን አርፎ ነው? ምነው ሳትነግሪን?”

“ማንም አልሞተ” አሉ እትዬ ዘነበች። ከበሽታው ወዲህ ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው። “ደምሴን ሰው እንዳይስቅበት ነው።”

የሻይ ኩባያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግጥሙ ያኔ ገባኝ። በግጥሙ ውስጥ ሚስትየዋ ከመኝታዋ ሆና የመንደሩን ሳቅ ትሰማለች የሚል ስንኝ አለ፤ ስንት ጊዜ አንብቤ ያለፍኩት። እንስራውን የሰበረችው ንቃው አይደለም። ውሃ ቢጠማትም ሁለተኛ እንዳይሳቅበት ብላ ነው። አስተማሪዋ እትዬ ዘነበች ይህን ያውቁ ነበር፤ ላብራራ የተነሣሁት እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ሱሪ ያሳጥራሉ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት” አልኩ።

“እኔስ ትቼዋለሁ” አሉ ቀና ሳይሉ። “አትቆርጪውም ብዬ ለምኛት ነበር። መቀሱን በግራ እጇ አንሥታ ራሷ ጀመረችው። ተበላሽቶ ሳየው ጨረስኩላት።” ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። “ግባና ለእሷ ንገራት።”

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ መልስ የጠፋበት ተማሪ እንደሚጠብቅ አስተማሪ ጠበቁኝ። ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ ስለ ጭቃውና ስለ ማታቱ ታክሲ ወረፋ አወራሁ።

“ንባብህ ጥሩ ነው” አሉኝ በመጨረሻ። “ትቸኩላለህ እንጂ።”

ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። የሐምሌው ብርድ ሲገባ እንደገና ታመሙና ሞቱ። ፀጉራቸው ለሹሩባ አልደረሰም ነበር። ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላም ባገኙኝ ቁጥር ቀድመው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቤዛ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እናቷ እንኳን ሰምታው አታውቅም።

“ሶሪ ሳትላት ሞተች?” አለችኝ።

“ሳልላቸው።”

ላፕቶፗን ወደ እኔ አዙራ “እንግዲያው ሠርጉ ላይ አንተ አብራራልን” አለች። እምቢ አልኳት። ግጥሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አሁን ከማንም በላይ ገብቶኛል። ባል ሚስቱን ሲወድ አይቼ ስቄበታለሁ። ሚስት ባሏን ስትወድ አይቼ ደግሞ ፊቷ ቆሜ ስለ ጭቃ አውርቻለሁ። ይሄ ሁለተኛው ይብስብኛል። ስስቅ አላወቅኩም ነበር፤ ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።